እዚህ ማን አላችሁ?

እትዬ አስካለ ባረፉ ማግስት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ወሰን ሰፈር ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የቀበናው እድራችን ዳኛ አቶ ደምሴ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች። እኔ ከቀበና ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው ተሰብስቦ እስከ ወሰን የሚመጣበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። አቶ ደምሴ "እስቲ ግቢና ቁጭ በይ" አሉኝ። ቁጭ ሳልል ነው ያለቀስኩት።

አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ ፊቴን ልታጠብ ስነሳ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የቀብሩ ጉዳይ አልነበረም። "ክላራን ማን ሊያረዳት ነው?" የሚል ነው። ክላራ አሁን የምትኖረው ጃካርታ ነው። ስልክ አንስቶ መደወል ምን ያቅታል ትሉ ይሆናል። የእትዬ አስካለን ሞት ለክላራ በስልክ መንገር ግን በሳቸው ላይ እንደመቀለድ ነው። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ላውራው።

እትዬ አስካለ አከራዬ ነበሩ። ቀበና፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ግቢያቸው ሦስት ቤት ነበረው። ፊት ለፊት ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያሠሩት ቪላ፣ ጎኑ ላይ እሳቸው የሚኖሩበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከኋላ ደግሞ እኔ የተከራየሁት ሰርቪስ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸውን ግን ማንም አጭር ብሎት አያውቅም። ሲያነጋግሩ የሰው ክርን ይይዛሉ። ጨርሰው፣ የፈለጉትን መልስ አግኝተው ነው የሚለቁት። የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት ነውር ነው የሚባለውን ነገር ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መጋረጃዬ ተነስቶ ሌላ መጋረጃ ተሰቅሎ አገኘሁ። ተናድጄ ሄጄ ስጠይቃቸው "ያኛው ክፍሉን ያጨልመዋል" ብለው በሩን ዘጉብኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የሚያበሽቀውም ይሄ ነው።

ክላራና ማርቲን ከአርጀንቲና መጥተው ቪላውን ሲከራዩ፣ እንግሊዝኛ ስለምችል ብቻ ያለደመወዝ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማንም አላማከረኝም። "ሰላም፣ ነይ አስተርጉሚልኝ" እያሉ እትዬ አስካለ በስሜ ሲጠሩኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድን ጨምሮ ይሰማ ነበር። ማርቲን የውሃ መሐንዲስ ነው፤ እትዬ አስካለ ማርቆስ ነው የሚሉት። ክላራ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የምትሥል፣ ሥራዋን እቤት ቁጭ ብላ የምትሠራ ሴት ናት። ገና ዕቃቸውን ከመኪና ሳያወርዱ እትዬ አስካለ የማርቲንን ክርን ይዘው ጠየቁ።

"እዚህ ማን አላችሁ?"

ተረጎምኩላቸው። ባልና ሚስቱ ተያዩና ማርቲን "መሥሪያ ቤቴ አለ" አለ።

"መሥሪያ ቤት ሲያማችሁ ገንፎ ይዞ ይመጣል?"

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ አስካለ አልሳቁም። ሲገቡ ከኋላ እያዩአቸው "ምስኪኖች፣ ማንም የላቸውም" አሉኝ፤ በሽታ እንዳገኘ ሐኪም።

በሽታውን ያረጋገጡት በሻንጣ ነው። ቪላው ኮሪደር ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሻንጣ ሳይፈታ ተቀምጦ ሰነበተ። ወር አለፈ፣ ክረምቱ ገባ፣ ሻንጣው እዚያው ነው። ክላራ በዚያ ሰሞን ብዙም አልተመቻትም። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ማርቲን ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እሷ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ትሥላለች፤ የምትሥለውም የራሷን አገር ዛፎች ነበር። እትዬ አስካለ የሚያሳስባቸው ግን ሻንጣው ነው። "ሰው ሻንጣውን ካልፈታ መንገድ ላይ ነው" ይሉኝ ነበር። "ፍቺው በያት።" እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አልተረጉምም ብዬ እምቢ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠሩኝ። እድር ሊያስገቧቸው ወስነዋል፣ እኔ ደግሞ ማስረዳት አለብኝ። እድርን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ዞሮ ዞሮ "የቀብር ማኅበር" ነው የሚሆነው። ክላራ እስክጨርስ ሰማችኝና ቀስ ብላ "ሰላም፣ የታመምኩ መስሏቸው ነው?" አለችኝ። ማርቲን በበኩሉ፣ ገና ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ጎረምሳ፣ የሬሳ ሳጥን ካሁኑ መምረጥ ይጠበቅብን እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ሞትን ማን አነሳ?" አሉ እትዬ አስካለ ሲተረጎምላቸው። "ጎረቤት ሲያዝን የሚሄዱበት ይኑራቸው ብዬ ነው። ለቅሶ ያልሄደ ሰው በየት በኩል ሊገባ ነው?"

አቶ ደምሴ ደግሞ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተቃወሙ። የውጭ ሰው አስገብተን አናውቅም፣ ሁለት ዓመት ኖረው የሚሄዱ ናቸው፣ ምን ያደርግልናል አሉ። እትዬ አስካለ ተነሱ፣ አጠገባቸው ሄደው ክርናቸውን ያዙ።

"ሲሄዱ ይሄዳሉ። እስኪሄዱ ድረስ ግን የኛ ናቸው።"

አቶ ደምሴ ክርናቸው እስኪለቀቅ ድረስ ትንሽ ታገሉ፤ ከዚያ ተስማሙ።

ክላራ መጀመሪያ ለቅሶ ቤት የሄደች ቀን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ የገዛችውን አበባ ታቅፋ "ስንት ሰዓት ያልቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ አስካለ አበባውን ተቀብለው የሆነ ቦታ አስቀመጡና ቢላዋና አንድ ሳፋ ሽንኩርት ሰጧት። ስትከትፍ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አንዲት አሮጊት አይተው አዘኑላት። "በቃሽ ልጄ፣ እሳቸው እንደሁ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት" እያሉ ጀርባዋን አሹላት። ማርቲንን ደግሞ ቁመቱን አይተው ድንኳን ተካይ አደረጉት። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰፈሩን ለመዱት። ክላራ የራሷን ነጠላ ገዛች። ሐዘን ሲሆን አዘቅዝቆ መልበሱን ተማረች። ገበያ ስትሄድ "ክላራ፣ ደህና አደርሽ?" የሚላት ሰው በዛ። ሻንጣው ግን አሁንም ኮሪደር ላይ ነበር፤ ክላራ ግማሹን ዕቃ አውጥታ፣ ግማሹን ትታ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ክላራ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ እንጦጦ ወጥታ ነበር። በባሕር ዛፉ መሀል እያቋረጠች እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትሄድና ማታ ቆሽሻ፣ ረሃብ ገድሏት ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ማርቲን ብቻውን ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት። የክላራ አባት ሞተዋል። ወንድሟ እህቱ ጋ ሲደውል ስልኳ አልሠራ ብሎት ለማርቲን ነው የነገረው። ይህን እየነገረኝ ሳለ እትዬ አስካለ መጡና ክርኑን ያዙ።

"ማን ሞተ?"

ማርቲን እስከዚያ ድረስ ይህችን ያህል አማርኛ ለምዶ ነበር። "የክላራ አባት" አለ።

"እሷ አልሰማችም?"

"አልሰማችም። ስትመጣ እነግራታለሁ።"

"እንዳትነግራት" አሉ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ የለም። ደክሟት፣ ሆዷን ባዶ አድርጋ ነው የምትመጣው። ሊመሽ ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ሌሊቱን እንዴት ትገፋዋለች? ትብላ፣ ትተኛ። ጠዋት ሰው ይሰበሰብና በወጉ ትረዳለች። እትዬ አስካለ ያሉት ይሄንን ነው። እኔ "እነሱ አገር እንዲህ አይደረግም፣ ነውር ነው" አልኳቸው። "እነሱ አገር አይደለም ያለችው" አሉኝ። ማርቲን ሁለታችንን እያፈራረቀ አየ። ቀብሩ በማግስቱ ነው፤ የትኛውም አውሮፕላን አያደርሳትም። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ "እሺ" አለ።

ክላራ ማታ ደስ ብሏት መጣች። ስልኳ ተራራው ላይ ባትሪ ጨርሷል፤ ሰፈሩም መብራት ጠፍቶ ነበር። እትዬ አስካለ የምትወደውን ምስር ወጥ ሠርተው ይዘውላት ገቡ። አጠገቧ ቆመው "ብዪ፣ ጨምሪ" እያሉ አበሏት። ራጉኤል ደጃፍ ላይ ጫማዋ ተበጥሶ አንድ ቄስ በሲባጎ እንዴት እንዳሰሩላት እያወራች ሳቀች። ማርቲን ሆዴን አሞኛል ብሎ አልበላም። እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ ፊቴ እንዳያሳብቅ ፈርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጎህ ሲቀድ አቶ ደምሴና የእድሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። እትዬ አስካለ ከፊት ሆነው የቪላውን በር አንኳኩ። ክላራ ወጣች። ሰዉን አየች፣ የሴቶቹን ነጠላ አየች፣ ምንም ሳትል ተመልሳ ገባች። ገብቷት መስሎን ነበር። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛለች። በአማርኛ "ማነው የሞተው? የት ነው የምንሄደው?" አለች።

እትዬ አስካለ ቢላዋውን ከእጇ ወሰዱና ክርኗን ያዙ። ማርቲን በራሳቸው ቋንቋ ነገራት። ስትወድቅ መሬት አልነካችም፤ ብዙ እጅ ነበር የተቀበላት። ያን ጠዋት ቀበና ውስጥ ለማያውቋቸው ሽማግሌ ደረቱን የመታውን ሰው፣ የጮኸችውን ሴት እስካሁን አልረሳሁም።

ሲረጋጋላት ግን ክላራ ቀና ብላ "መቼ?" ብላ ጠየቀች። ማርቲን "ትናንት ከሰዓት" አለ። እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አየችን። "ትናንት ማታ እኮ በልቻለሁ" አለች። "ስቄያለሁ እኮ። እናቴ ስልኬን እየጠበቀች እኔ እበላ ነበር?" ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባችና ቆለፈች።

እውነቷን ነበር። ያኔም እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ አሁንም እንዲሁ ነው። እትዬ አስካለ ሁሉን አስበዋል፤ ከውቅያኖስ ማዶ ስልክ ታቅፋ የምታድር እናት መኖሯን ግን አላሰቡም።

ድንኳኑ ተተከለ። ተካዩ ሐዘንተኛ ስለሆነ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር የቆመው። እትዬ አስካለ የሟቹን ፎቶ ከማርቲን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አቆሙት፤ ነጭ ጺም ያላቸው፣ ባቡር አጠገብ የቆሙ ሰውዬ። ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ መሆናቸውን ማርቲን ሲናገር ጋሽ አብዱ የሚባሉ የእድራችን አባል ተነስተው መጡ። ድሬዳዋ ተወልደው ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ፎቶውን አንስተው ከፊት ለፊቱ ጀምረው እስከ መንኮራኩሩ አዩትና "የሙያ ጓደኛዬ ናቸው" አሉ። ወንበራቸውን ከፎቶው አጠገብ አደረጉ። ሰው ሲመጣ ስለ ሟቹ የሚያስረዱት እሳቸው ሆኑ፤ ያላወቁትን ደግሞ ከራሳቸው ሕይወት እየሞሉ።

ክላራ ግን አልወጣችም። ለቀስተኛ ሲመጣ ማርቲን ብቻውን ይቀመጣል። በሁለተኛው ቀን ለእኔ በሩን ከፈተችልኝ። ሰማያዊው ሻንጣ አልጋው ላይ ነበር፤ ሞልቷል። ትኬት እንድፈልግላት ጠየቀችኝ። ለሐዘን ሄዳ ልትመለስ መስሎኝ መቼ እንደምትመለስ ጠየቅኋት።

"አልመለስም" አለች። "ማርቲን ከፈለገ ይቆይ። ባሌ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን የሚሰማበት ቤት ውስጥ አልኖርም።"

ወጥቼ ለእትዬ አስካለ እንዳለ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። እዚያው ድንኳኑ ደጃፍ ያገኙት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አርጅተው ታዩኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት "ሰላም፣ ነይ አስተርጉሚልኝ" አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ስለነበር መጀመሪያ እሳቸው መሆናቸውን አላወቅሁም። የክላራ በር ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ ተናገሩ።

"ልጄ፣ አንቺ በሰው መሀል እንድትረጂ ብዬ ያደረግሁት ነው፤ እሱ አይቆጨኝም። እናትሽን ግን አላሰብኳቸውም። ባሏ የሞተባትን ሴት ከልጇ ድምፅ ለይቼ አሳደርኳት። እኔም እኮ ባል ቀብሬያለሁ፤ ማሰብ ነበረብኝ። ደውይልኝና እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ።"

ክላራ ስልኩን አነሳች።

እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። ስልኩ መሀል ነው። እትዬ አስካለ በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አመጣዋለሁ፣ ክላራ ወደ ስፓኒሽ ታሻግረዋለች። "እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ" አሉ። "ልጅዎ ያን ማታ ያልደወለችልዎ በእኔ ምክንያት ነው። እሷም ጥፋት የለባትም፣ ባሏም የለበትም። ከተራራ ርቧት ነበር የመጣችው። እራቷን በልታ ትተኛ ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ክላራ የመጨረሻውን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። ከወዲያ በኩል እናትየው አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። ክላራ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን አሉ?" አሉ እትዬ አስካለ።

ክላራ እኔን አልጠበቀችም፤ ራሷ በአማርኛ ነገረቻቸው። "'በላች ወይ?' አለች።"

"በልታለች በያቸው" አሉ እትዬ አስካለ። "ሁለቴ ነው የጨመርኩላት።"

እናትየው ማልቀስ ጀመሩ፤ እትዬ አስካለም ጀመሩ። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም። ክላራ አንገታቸው ሥር ገብታ አለቀሰች፤ ቆይታም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ከጋሽ አብዱ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ አብዱ ስለ አባቷ ነገሯት። ግማሹ የራሳቸው ታሪክ ነበር፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

ሻንጣው የተፈታው በዚያ ሳምንት ነው። ባዶውን ሲያዩት እትዬ አስካለ ጠይቀው ወሰዱትና የእድሩ ማንኪያዎች መያዣ አደረጉት። እስካሁንም ማንኪያ የሚጓዘው በእሱ ነው። ክላራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናቷ ዘንድ ሄዳ ሰነበተችና በትንሽ ቦርሳ ተመለሰች። ሁለት ዓመት ብለው የመጡት ሰዎች አምስት ዓመት ተቀመጡ። የማርቲን ሥራ አልቆ ወደ ጃካርታ ሲዛወሩ እትዬ አስካለ በሩ ላይ የክላራን ክርን ይዘው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ።

"እዚያስ ማን አላችሁ?"

"እስካሁን ማንም የለንም።"

"'እስካሁን' ማለትሽ ጥሩ ነው" አሉና ለቀቋት።

እንግዲህ ያን ጠዋት፣ አቶ ደምሴ ካረዱኝ በኋላ፣ የደወልኩት ለማርቲን ነበር። ስነግረው ሲያለቅስ ሰማሁት። ከዚያ ክላራ ሰምታ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልሰማችም አልኩት።

"እንዳትነግሪያት" አለኝ በአማርኛ።

እትዬ አስካለን ያን ዕለት ቀበርናቸው። የሰፈራችን ሰው በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ያም ሆኖ ከየዳርቻው በሁለትና ሦስት ታክሲ እየተሳፈረ መጥቶ ድንኳኑን ሞላው። ማንኪያው በሰማያዊው ሻንጣ መጣ። እኔን ዛሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው ያደረጉኝ፣ ሳልጠይቃቸው መጋረጃዬን የቀየሩልኝ፣ እሳቸው ናቸው። አመሰግናለሁ ብያቸው አውቃለሁ፤ ግን "ለምኑ ነው?" ብለው ነው የሚያልፉት።

በማግስቱ ክላራ ደወለች። ሲነጋጋ በራቸው ተንኳኳ አለችኝ። ስትከፍት የቤቱ ባለቤትና ሚስቱ፣ ማዶ ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ሰውዬ፣ ፍራፍሬ የምትሸጥላቸው ሴትና ልጇ፣ የማርቲን የሥራ ባልደረቦች ቆመዋል። አንዳቸውም እትዬ አስካለን አያውቁም። ማርቲን ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመውን ነጠላዋን አውጥቶ ወንበር ላይ አስቀምጦላታል። ነጠላውን አየች፣ ሰዉን አየች። ማርቲን ክርኗን ያዘ። በዚህኛው ጊዜ ግን ለማን ለቅሶ እንደምትሄድ አልጠየቀችም። "እትዬ ናቸው?" አለች፤ ብዙ እጅም ተቀበላት።

እያለቀሰች ነው የምታወራኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ከብዶኝ ነበርና መጠየቅ ነበረብኝ። ማርቲን ከዋዜማው ጀምሮ ያውቅ እንደነበር ነግሯት እንደሆነ፣ ቅር ብሏት እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ነግሮኛል" አለች። ከዚያ እንግሊዝኛውን ትታ፣ ከሄደች ወዲህ ብዙም ባልተናገረችው አማርኛ፣ ቃሉን እየለየች "እራቴን በልቼ ነበር" አለችኝ።